ካርቶን የለጠፈው ሌባ

የሚኒሶታን ብርድ ቀምሶ ለማያውቅ ሰው ይህን ወንጀል ማስረዳት ያስቸግራል። ብርዱ የሰው ጢም ላይ በረዶ የሚሠራ፣ የመኪና ባትሪ የሚገድል፣ ቤት ውስጥ ያለ የውሃ ቧንቧ እንኳ የሚያፈነዳ ነው። በፈረንጆቹ 1996 ዊንተር፣ ሁዳዴ በተያዘ በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሴንት ፖል ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ያለው የወይዘሮ ሮማነወርቅ ሱቅ ተሰብሮ ተገኘ።

ሱቁ ፊት ለፊት ቪዲዮ ያከራያል፣ ጥግ ላይ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል፣ ከኋላ ደግሞ ካሜራማኑ ጌቱ የሠርግ ፊልም የሚያቀናብርባት ጠባብ ክፍል አለችው። የተሰበረው የዚያች ክፍል መስኮት ነበር። ቴሌቪዥኖቹ እንዳሉ ናቸው። የገንዘብ መሳቢያው አልተነካም። የጠፋው አንድ ካሴት ብቻ ነው።

መርማሪ ሳጅን በሪሁን በስምንት ዓመት የፖሊስ ሥራው ብዙ ዓይነት ሌባ አይቷል። የጫማ ሌባ አይቷል፣ የበረዶ አካፋ ሌባ አይቷል፣ አንዴ ሙሉ የዳክዬ መንጋ የሰረቀ ሰውም ይዟል። መስኮት ሰብሮ ገብቶ፣ ሲወጣ የሰበረውን መስኮት በካርቶን ደፍኖ የሄደ ሌባ ግን ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

«ወይ ጉድ!» አለ፣ ጓንቱን አውልቆ ካርቶኑን በጣቱ መታ መታ እያደረገ። ካርቶኑ ተለክቶ ተቆርጧል። ዙሪያውን ጨርቅ ጨርቅ በሚል ጥቁር ፕላስተር ጥንቅቅ ብሎ ታሽጓል። ንፋስ የምታስገባ ቀዳዳ አልነበረችውም።

«ይሄ ሌባ አይደለም፣ ዘመድ ነው!» አለች ሮማነወርቅ። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ድምፅዋ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። «አምና ከዚህ መስኮት ስር ያለው ቧንቧ በብርድ ፈንድቶ ሱቄን ሐይቅ አድርጎብኝ አልነበር? ይኸው ሌባው አዘነልኝ!»

«ቧንቧው እንደፈነዳ ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ? ያን ቀን የሴንት ፖል ሐበሻ በሙሉ ባልዲ ይዞ እዚህ ነበር። አንተ ራስህ ነበርክ!»

እውነቷን ነው፤ ነበር። በሪሁን ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ የራሱንም ስም በልቡ አስገብቶ ሳቀ።

ቀድሞ የደረሰው ኦልሰን የሚባል ወጣት የፓትሮል ፖሊስ ነበር። ማስታወሻውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ጌቱ ደግሞ ጥግ ላይ ባለችው ወንበር አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ቀጭን፣ ሰው አክባሪ፣ ከአምስት ዓመት ወዲህ በከተማው የተደገሰ ሠርግና ክርስትና በሙሉ በእሱ ካሜራ ያለፈ ሰው ነው።

«አንተ ማታ የት ነበርክ ጌቱ?» አለው በሪሁን።

«ሥራ ላይ ነበርኩ ጋሼ። ለፈረንጁ ነግሬዋለሁ።»

ኦልሰን ስለ እሱ መወራቱን አውቆ ራሱን ነቀነቀ። በሪሁን ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

የጠፋው ካሴት ታሪክ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ሮማነወርቅ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሰብስባ ከብርዱ አውጥታ ካንኩን ወሰደቻቸው። ዓርብ ዕለት ሁሉም ካታማራን በሚሏት ጀልባ ተሳፈሩ። ሁለት ቀጫጭን ጀልባ ጎን ለጎን ተጣምሮ ከላይ አንድ ሰፊ ወለል የተዘረጋበት፣ መሐሉ ላይ ዙሪያውን መስኮት የሆነ የምግብ ክፍል ያለው ነገር ነው። በዚያ ኢስላ ሙኸሬስ ወደምትባል ደሴት ሄዱ፣ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ደፍተው ዓሣ ሲያዩ ዋሉ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ተመለሱ። ያን ቀን የቀረጸው ጌቱ ነው። ነገ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ባለው ምግብ ቤት ፊልሙ ለሕዝብ ሊታይ ነበር። ማስታወቂያውም በየሱቁ ተለጥፏል፦ «ከባሕር በታች! በጌቱ የተቀረጸ!»

«ያላችሁ ኮፒ እሱ ብቻ ነው?» አለ በሪሁን።

«እሱ ብቻ!» አለች ሮማነወርቅ።

በዚህ መሐል የሱቁ በር ተከፈተና አንድ ረጅም ሽማግሌ በረዶውን ከባርኔጣቸው እያራገፉ ገቡ። አቦይ ዘርእዝጊ ናቸው። የምጽዋ ሰው፣ ሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ። ከኋላቸው የመኪና ቁልፍ የያዘች ልጃቸው ሄርመላ ተከተለች።

«ጠፋ የሚባለው እውነት ነው?» አሉ አቦይ። ለማንም ሰላምታ አልሰጡም። እሳቸው ደግሞ ሰላምታ የሚዘሉ ሰው አልነበሩም።

«እውነት ነው አቦይ። ግን እናገኘዋለን» አላቸው በሪሁን።

ሽማግሌው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

ሄርመላ በሪሁንን ወደ ካሴቶቹ መደርደሪያ ወሰድ አደረገችው። «ሳጅን፣ እኔ ክፉ ልጅ አይደለሁም» አለች በዝግታ። «ባባ ባለፈው ወር ሻይ ጥዶ ረስቶ ወጣ፤ ፋየር ዲፓርትመንት መጣ። መድኃኒቱን ይረሳል። ከካንኩን ሲመለስ ደግሞ ምን ይለኛል? ‹መልሕቁ ድንጋይ ሥር ተቀርቅሮ ጀልባዋ አልንቀሳቀስ ስትል፣ እኔ ስምንት ሜትር ጠልቄ ፈታሁት።› ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው! ከተሳፈሩት አንድም ሰው አላየውም። የጀልባው ድርጅት ጋ ኮል አደረግሁ፣ ስልክ የሚያነሳ የለም። ሰኞ ጠዋት ዶክተሩ ጋ አፖይንትመንት አለን። ነርሲንግ ሆም፣ አዛውንት መጦሪያ፣ ይግባ የሚለውን ወረቀት ሳይን ላደርግ ነው። ምን ላድርግ? ብቻውን ትቼው ቢቃጠልስ?»

አቦይ ዘርእዝጊ ጆሯቸው አላረጀም። «ሰው ቢረሳ ማንቆርቆሪያ ይረሳል» አሉ ከተቀመጡበት። «ምጽዋ ወደብ አሥራ አራት ዓመት ጠላቂ ነበርኩ። የመርከብ ሆድ ስፍቅ የኖርኩ ሰው ባሕርን እረሳለሁ? ጌቱ ቀርጾኛል። አልቀረጽከኝም ወይ ጌቱ?»

«ቀርጬዎታለሁ አቦይ» አለ ጌቱ፣ ቀና ሳይል።

«ሰማሽ?» አሉ ሽማግሌው ልጃቸውን። ከዚያ ወደ በሪሁን ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ ሌባው እንዲታሰር አልፈልግም። ካሴቱን ብቻ እስከ ሰኞ ፈልግልኝ። ቤቴን አልቀማ።»

በሪሁን አባቱን ጉለሌ ቀብሮ ሳይሆን በስልክ መርዶ ነው የተሰናበተው፤ ሽማግሌ ሲለምነው አይችልም። «እስከ ሰኞ» አለ።

ሮማነወርቅ እስከ በሩ ሸኘችው። «አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «ማን እንደነገረህ ግን እንዳታነሳ። አቶ በረከት በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል። ፊልሙ አይታይ፣ የግድ ከሆነም እኔን ቆርጣችሁ አውጡኝ እያለ።»

*

አቶ በረከት የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር ናቸው። ለእንጀራቸው ደግሞ ዳውንታውን ባለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ሥር፣ የመስታወት ኪዮስክ ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት ይቀበላሉ። በሪሁን በጠባቧ በር ተጨናንቆ ገባና ማሞቂያው አጠገብ ቆመ።

«ስለ ካሴቱ ነው የመጣሁት አቶ በረከት።»

ሊቀ መንበሩ ቆሌያቸው ተገፈፈ። «ተገኘ እንዴ?»

«‹ጠፋ እንዴ› ይላሉ ብዬ ነበር።»

«መጥፋቱንማ ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ሰው ደውሎ ነግሮኛል! ይህ ከተማ ምስጢር ይይዛል?» መኪና መጣ። ቲኬቱን ተቀብለው መውጫውን የዘጋውን እንጨት አነሱለት። «እሺ። እንዳይታይ ለምኛለሁ፣ አልክድም።»

«ለምን?»

ሌላ መኪና መጣ። አቶ በረከት ለሾፌሩ መልካም ቀን ከተመኙ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጀልባው ላይ ምሳ ቀረበ። ሳሕኑ ላይ ቀይ ቀይ፣ ጥምዝምዝ ያለ ነገር አለ። ዓርብ ነው፣ ዓሣ ይሆናል ብዬ አንድ ቀመስኩ። ለካ ሽሪምፕ የሚሉት ነው! ክንፍና ቅርፊት የሌለው! ኦሪት የከለከለው!»

«አንድ ቢቀምሱ ሳያውቁ ነው፣ ምን አለበት?»

ሊቀ መንበሩ የተቀበሏቸውን ቲኬቶች መደርደር ጀመሩ።

«ስንት በሉ አቶ በረከት?»

«አሥራ አንድ።»

በሪሁን ሳቁን ለመዋጥ ወደ ማሞቂያው ዞረ። ስድስት ቀን ሙሉ ሽሮና ምስር ብቻ የገባበት ሆዱ ግን አልሳቀም፤ ጮኸ።

«ጣፈጠኝ!» አሉ አቶ በረከት፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ምን ልበልህ፣ ጣፈጠኝ። ጌቱ ደግሞ ካሜራውን ፊቴ ላይ ተክሎ አልነቀል አለ። አሁን ሁዳዴ ገብቶ፣ ሕዝቡን ‹ጹሙ› የምለው ሰውዬ በትልቅ ስክሪን ያንን ስልጥ ልታይ ነው?»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ቤተ ክርስቲያን። ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ ሦስት መቶ ስግደት ሰጥተውኝ፣ እሳቸው ፊት ስሰግድ አመሸሁ። ጉልበቴን ላሳይህ?»

ሱሪያቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ በሪሁን ፈጥኖ አስቆማቸው። ከኪዮስኩ ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጨመረ። «አቦይ ዘርእዝጊ ሲጠልቁ አይተዋል?»

«አላየሁም። ምሳ ስንበላ አልነበሩም፤ ኋላ መጥተው ‹መልሕቅ ፈትቼ መጣሁ› ሲሉ ሳቅንባቸው።»

«አልረጠቡም?»

«ሁላችንም ርጥብ ነበርን እኮ! ከባሕር ወጥተን መብላታችን ነው።»

*

የነፍስ አባትየው በስልክ አረጋገጡ፤ ሦስት መቶ ስግደት፣ አንድም ሳይጎድል። አቶ በረከት ነፃ ወጡ። ይሁን እንጂ ቄሱ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት፣ ፊልሙ መጥፋቱን ሰምታ «እልል!» ያለች አንዲት ልጅ እንዳለች ጣል አደረጉ። ዮሐና ናት፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርሲንግ አሲስታንት የሆነችው።

በሪሁን የሆስፒታሉ ካፊቴሪያ ውስጥ አገኛት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ያዘዘችውን ሾርባ በማንኪያ ታማስላለች እንጂ አትበላም።

«ጋሽ በሪሁን፣ እልል ማለት ወንጀል ነው?»

«እንደ ምክንያቱ ነው።»

«ሥራ ቦታ ‹ፍሉ ይዞኛል› ብዬ ሲክ ኮል አድርጌ ነው የሄድኩት። ሱፐርቫይዘሬ ደግሞ ሐበሻ ነው። ነገ ምግብ ቤቱ ይመጣል!» ማንኪያውን ጣለችው። «ታማሚዋ ዮሐና በዋና ልብስ፣ በእጇ የዶሮ እግር፣ አፏ ሞልቶ! ያውም በዓርብ! ጌቱ ካሜራውን አፌ ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረው።»

«ትናንት ማታስ?»

«የቀረሁበትን ለመካስ ደብል፣ ሁለት ፈረቃ ሙሉ፣ ስሠራ ነበር። የሰዓት ካርዴን ፓንች አድርጌያለሁ፣ ሂድና እይ።»

በሪሁን ማስታወሻውን ሊዘጋ ሲል ቆም አለ። ጠዋት ሽሪምፕ፣ አሁን ደግሞ የዶሮ እግር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የእነዚህ ሰዎች ችግር ግን ሁሉ ከአፋቸው ነው። «ውሃ ውስጥስ ምን አደረግሽ?» አላት።

የልጅቷ ፊት በአንዴ በራ። «እሱንማ አትጠይቀኝ! ፊቴን ውሃው ውስጥ ስከት መጀመሪያ ጮህኩ፤ ቱቦው ውስጥ ሲጮህ ደግሞ እንዴት ያስቃል መሰለህ! ከዚያ አየኋቸው። ቢጫ ዓሣ፣ ሰማያዊ ዓሣ፣ አንዱ ደግሞ ባለ መስመር፣ እጄ ሥር ሆነው አይሸሹም። እዚህ ስድስት ወር ነጭ ብቻ ሳይ ኖሬ ያን ሁሉ ቀለም ሳይ አለቀስኩ። መነጽሩ በእንባ ሞላ።»

«ጌቱ ያንን ቀርጾሻል?»

«እሱ…» አፏን ከፍታ ቀረች። «ቆይ እስቲ። ጌቱን ውሃ ውስጥ አላየሁትም።»

«የጀልባዋ ጠርዝ ላይስ ቆሞ?»

«አላየሁትም ጋሼ። እኛ ስንወጣ ምግቡ ጋ ነበር የቆመው።»

*

የዮሐና ካርድ እውነት ተናገረ፤ ዓርብ ማታ ከሆስፒታሉ አልወጣችም። በሪሁን መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነስቶ፣ ሚስቱ የቋጠረችለትን የኦቾሎኒ ቅቤ ሳንድዊች ሳይወድ ነከሰ። ከዚያ ለቀሩት የካንኩን መንገደኞች በየተራ ደወለ። መሪው ላይ ማስታወሻውን አስደግፎ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ጌቱ ምን ስታደርጉ ነው የቀረጻችሁ?»

ስበላ። ስጎርስ። ጥርሴን ስጎረጉር። ስበላ። ባሌን ሳጎርስ። ስበላ።

አንድም ሰው «ስዋኝ» አላለም።

በሪሁን ማኘኩን አቆመ። የሐበሻ ሠርግ ካሜራማን ምን እንደሚሠራ እሱ አያውቅም እንዴ? ሙሽሮቹን ትንሽ ያሳይና፣ ከዚያ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ የተጋበዘውን ሰው በሙሉ ሲበላ ይቀርጻል። ማንም አይዘለልም፤ የተዘለለ ይቀየማል። የተከበረ ሰው ጋ ሲደርስ ደግሞ ካሜራው ረጅም ጊዜ ይቆማል። የበሪሁን የራሱ የሠርግ ካሴት ሦስት ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩሉ ክትፎ ነው።

ሬዲዮውን አነሳ። «ኦልሰን፣ ካሜራማኑ ትናንት ማታ ሥራ ላይ ነበርኩ ያለህ ምን ሥራ ነው?»

የወጣቱ ድምፅ እየተንጫጫ መጣ። «ሠርግ ሲቀርጽ ነበር፣ ሳጅን። የአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሠርግ፣ በቤተ ክርስቲያን። ጥሩ አሊባይ ነው፤ ሌላ ቦታ እንደነበረ ያሳያል፣ አይደለም?»

በሪሁን ሳቀ። ሳንድዊቹ ትን እስኪለው ሳቀ። በሁዳዴ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ያውም በዓርብ ሠርግ! የትኛው ቄስ ሊያጋባ፣ የትኛው እንግዳ ምን ሊበላ! ይህ ለኦልሰን የሚነገር፣ በሐበሻ ጆሮ ግን ውሃ የማያነሳ ውሸት ነው። ጌቱ መርማሪው ሐበሻ ይሆናል ብሎ አላሰበም፤ ካወቀም በኋላ ከአፉ የወጣውን መመለስ አልቻለም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል፤ የጌቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አላደረም።

*

ጌቱ በኋለኛው ክፍል፣ በካርቶኑ መስኮት ሥር ብቻውን ተቀምጦ ነበር። በሪሁን ምንም አላለውም። የካሜራ ቦርሳውን ከፈተ፣ የሠርግ አዳራሽ ወለል ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚለጥፍበትን ጥቁር የጨርቅ ፕላስተር አወጣና ካርቶኑ ላይ ካለው ጎን ያዘው። አንድ ናቸው።

«ሠርጉ እንዴት ነበር?» አለው። «ጥሬ ሥጋው ደርሶሃል?»

ጌቱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ጋሼ፣ ዋና አልችልም» አለ።

«ይሄ መልስ ነው?»

«ሁሉም ነገር እሱ ነው። ማስታወቂያውን ሮማነ ገና ሳንሄድ ስትለጥፍ እንቢ ማለት አፈርኩ። ውሃ የማያስገባ የካሜራ ከረጢት ሁሉ ገዛችልኝ። ጀልባው ላይ ስንወጣ ግን ውሃውን ሳየው እግሬ ከዳኝ። ምግብ ክፍሉ ውስጥ ገባሁና አልወጣሁም። ሰው ሲበላ ሳይ እጄ ራሱ ካሜራውን አነሳ። ካሴቱ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ነው፤ ባሕር የሚባል የለውም። ምሳ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ‹ባሕሩን አልቀረጽኩም› ማለት ምን ይከብዳል? ቢስቁብህ ነው!»

«ለራሴ ቢሆን በሳቁብኝ።» ጌቱ ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «አቦይ ዘርእዝጊ ገና እዚያው ጀልባው ላይ ‹ቀረጽከኝ ወይ?› አሉኝ። ደስ ብሏቸው፣ እንደ ልጅ እየሳቁ። እንዴት አልቀረጽኩም ልበላቸው? አዎ አልኳቸው። በየቀኑ እየመጡ ይጠይቁኛል፣ በየቀኑ አዎ እላለሁ። ከዚያ የሰኞውን ነገር ሰማሁ። ነገ ሕዝብ ፊት ካሴቱ ተከፍቶ እሳቸው ከሌሉበት፣ ልጃቸው ‹ይኸው፣ አእምሮው ነው› ትላለች፤ እኔ ነኝ ነርሲንግ ሆም ያስገባኋቸው ማለት ነው። ካሴቱ ከጠፋ ግን ቢያንስ ‹ነበረ› ይባላል። ትናንት ማታ ሱቁ ሲዘጋ መስኮቱን ሰበርኩ። ከዚያ ነፋሱ ሲገባ የሮማነ ቧንቧ ትዝ አለኝ።»

በሪሁን ለመቆጣት ሞከረ፤ አቃተው። «ካሴቱን አጠፋኸው?»

«የሰው ፊት ያለበት ካሴት ይጣላል እንዴ?» አለ ጌቱ፣ እንደተሰደበ ሰው። ተነስቶ ወደ ፊተኛው ሱቅ ሄደ። ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ የወገብ ማቅጠኛ ስፖርት ቪዲዮ አወጣ። ከተገዛ ጀምሮ ማንም ተከራይቶት አያውቅም። ውስጡ የነበረው ካሴት የባሕሩ ነው፤ የባሕሩ ከተባለ።

ሮማነወርቅ ከባንኮኒው ጀርባ ሁሉን ሰምታለች። «ጌቱ፣ አንተ!» ብላ እጇን አነሳች። ከዚያ እጇን አወረደችና «እኔም ጥፋተኛ ነኝ» አለች። «ዋና ትችላለህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም።»

*

ለአቦይ ዘርእዝጊ እውነቱ የተነገራቸው በማግስቱ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሄርመላ አጠገባቸው ቆማ ነበር።

«የለሁበትም ማለት ነው?» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ አቦይ» አለ ጌቱ፣ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በከዘራቸው መለሱት።

«ባባ፣ እንሂድ» አለች ሄርመላ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። ማሸነፏ አላስደሰታትም።

«አይሆንም። እዚህ ድረስ መጥቼ ምሳውንም ሳላይ አልሄድም።»

ጌቱ ካሴቱን ከተተ። ጀመረ። የዮሐና የዶሮ እግር መጣ። ሮማነወርቅ ስትጎርስ፣ ሮማነወርቅ ደግማ ስትጎርስ። በሪሁን ጾሙን እያሰበ ምራቁን ዋጠ። ከዚያ አቶ በረከት ብቅ አሉ፣ በምግብ ክፍሉ ሰፊ መስኮት አጠገብ፣ ፊታቸው ክምር ሽሪምፕ። ሊቀ መንበር ናቸውና ካሜራው እሳቸው ላይ ቆመ። አልነቀል አለ።

በሪሁን ግን የሚያየው እሳቸውን አልነበረም። ከጆሯቸው በላይ፣ ከመስታወቱ ማዶ፣ በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ሁለት ሰዎች ገመድ ሲጎትቱ ይታያል። ገመዱ አልንቀሳቀስ ብሏል።

«አቁመው! መልሰው! ከኋላ፣ መስኮቱን እዩ!»

መለሰው። ሁሉም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ከጎን መጣ። ሸሚዙን አወለቀ። በጥንቃቄ አጣጠፈው፣ ባርኔጣውን ላዩ ላይ አደረገ። አማተበ። ከዚያ ያለ መነጽር፣ ያለ ቱቦ፣ እጁን ከፊቱ ሰብስቦ ገባ። ውሃው ብዙም አልተረጨም።

አቶ በረከት አንድ ሽሪምፕ በሉ።

ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰከንዱ ይቆጥራል። ሠላሳ። ሃምሳ። አቶ በረከት ሁለተኛውን አነሱ። ሰባ። ክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። ሦስተኛው ሽሪምፕ። አንዱ ጀልበኛ ተንበርክኮ ወደ ውሃው አጎነበሰ። ዘጠና። መቶ። ሄርመላ የአባቷን ክንድ ያዘች፤ እዚህ አጠገቧ ደረቅ ሆነው ተቀምጠው ሳለ ጥብቅ አድርጋ ያዘቻቸው። አራተኛው ሽሪምፕ። በድንገት ገመዱ ላላ፣ ጀልበኞቹ ወደ ኋላ ወደቁ፣ ከውሃው አንድ ረጅም እጅ ብቅ አለ።

አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ሰከንድ።

«ባባ…» አለች ሄርመላ። መዳፏን ስክሪኑ ላይ፣ ትንሹ ሰውዬ ላይ አደረገች። «ይሄ አንተ ነህ?»

«ሸሚዙን አታውቂውም እንዴ? አንቺ የገዛሽልኝ ነው» አሉ አቦይ።

ከዚያ በኋላ ማልቀሷና መሳቋ ተደባለቀ። «ማመን ነበረብኝ፣ ማመን ነበረብኝ» እያለች አንገታቸው ሥር ተሸጎጠች። ጌቱም አለቀሰ። ሮማነወርቅ እልልታውን ስታቀልጠው፣ በፊተኛው ሱቅ ከነበሩት ቪዲዮ ተከራዮች አንዱ ደንግጦ ካሴት ጣለ።

አቦይ ግን የልጃቸውን ራስ እያሻሹ «ጌቱ፣ እስቲ ድገመው» አሉ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። በሪሁን ወደ አቶ በረከት ደወለ፤ ሽሪምፑን ደብቆ ማስረጃውን ማሳየት እንደማይቻል አስረዳ። ከወዲያ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «የሰው አእምሮ በእኔ ኃጢአት የሚመሰከርለት ከሆነ ይታይ» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ስግደቱን እንደሆነ ሰግጄዋለሁ።» ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤቱ ግጥም ብሎ ሞልቶ፣ አቶ በረከት ራሳቸው ተነስተው «ሽሪምፑን ተዉና መስኮቱን እዩ!» አሉ። ሕዝቡ ሁለቱንም አየ። ጭብጨባው ሲያበቃ፣ ሱፐርቫይዘሩ ዮሐናን «ፍሉሽ ተሻለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ሰኞ ሄርመላ ካሴቱን ይዛ ዶክተሩ ጋ ሄደች። ወረቀቱን ሳይን አላደረገችም። ሲረሳ በራሱ የሚጠፋ ምድጃ ለአባቷ ገዝታ ገባች። በሪሁን በሪፖርቱ ላይ «ካሴቱ እዚያው ሱቅ ውስጥ ተገኝቷል፣ ባለንብረቷ ክስ የላትም» ብሎ ጻፈ፤ እውነትም ነው። መስታወቱን ጌቱ በገዛ እጁ ገጠመ። ቅጣቱን ግን የፈረዱበት አቦይ ዘርእዝጊ ናቸው።

ቅጣቱ ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት ዌስት ሴንት ፖል፣ ቤት ውስጥ ባለ የዋና ገንዳ ነው። በሪሁን አንድ ቀን ሊያይ ሄደ። ውጭው ነጭ በረዶ ነው፤ ውስጡ ይሞቃል። ጌቱ የገንዳውን ጠርዝ እንደ እናቱ ቀሚስ ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። አቦይ «ልቀቀው! ጠርዙ አይዋኝልህም!» እያሉ ይጮኹበታል።

«ባባ፣ አንተስ አሁን ስንት ትቆያለህ?» አለች ሄርመላ፣ ከዳር ተቀምጣ ሰዓቷን እያወለቀች።

ሽማግሌው አማተቡና ጠለቁ። ሄርመላ ሰዓቷን አየች። ስልሳ ላይ ፈገግ አለች። ዘጠና ላይ ፈገግታዋ ጠፋ። መቶ ላይ ጫማዋን አወለቀች። አንድ እግሯን ውሃው ውስጥ እንደከተተች አቦይ ከእግሯ ሥር ብቅ አሉ።

«ስንት ሆነ?»

«አንድ ደቂቃ ከአርባ አምስት!» አለች፣ ሰዓቷን ደረቷ ላይ ይዛ።

አቦይ ዘርእዝጊ ውሃውን ከፊታቸው ጠረጉ። ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው አሰቡበት።

«ከካንኩኑ ሰባት ሰከንድ ጎደለ» አሉ። «ያልሽው ሳይሆን አይቀርም ልጄ፤ ሳላረጅ አልቀረሁም።»